«99 በመቶ ንጹሕ» የሚለው ቁጥር የማይነግረን፦ ሕዋሳትን ስለመለየት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሕዋሳትን ከደምና ከሌሎች ናሙናዎች ለይቶ ስለማውጣት የተጻፈ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ሲዘዋወር አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ርእሱን ማንሣታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ስለዚህ ሙያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይደለም። በሕዋስ ገጽ ላይ ያለን ምልክት ለይተው ስለሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላትና ሕዋሳትን በብርሃን እየመረመረ ስለሚለየው ሌዘር መለያ ማሽን የሰጡት መግቢያም ግልጽ ነው። ከመግቢያው አልፈው ወደ ፍርድ ሲገቡ ግን ስድስት ነገሮችን ያስረግጣሉ። ደምን በሴንትሪፊውጅ (ቱቦን በኃይል በሚያሽከረክር መሣሪያ) እና ፊኮል በተባለ ፈሳሽ መለየት ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የአንድ ዘዴ ብልጫ የሚለካው ባወጣው ሕዋስ ንጽሕና ነው፤ ሕዋስን ለመሳብ የሚለጠፉበት የማግኔት ቅንጣቶች ሕዋሱን ምንም አያደርጉትም፤ ሌዘር መለያ ማሽን ካለ የባለሙያ እጅ አያስፈልግም፤ ከአንድ ብልቃጥ ደም የካንሰር ሕዋስ ለይቶ በሽታውን ማወቅ ተችሏል፤ እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ደግሞ የሚያዋጣው ደሙን አቀዝቅዞ ወደ ውጭ መላክና እዚያ ማስለየት ነው ይላሉ።

ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጽሑፉን የሚያነቡት ተማሪዎች ነገ የጥናት ዕቅድ ይጽፋሉ፣ በጀት ይጠይቃሉ፣ ከታማሚ ክንድ ደም ያስቀዳሉ። ስለዚህ ስድስቱንም በተራ አያቸዋለሁ። በሁለተኛው ላይ ግን ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ የሌሎቹ ስሕተት ምንጭ እሱ ነውና። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በፊኮል ልጀምር። ዘዴውን ኖርዌያዊው አርነ ቦዩም ያስተዋወቀው በ1968 መሆኑ እውነት ነው፤ ዕድሜው ግን ጉድለት ሊሆንበት አይችልም። ፈሳሹ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.077 ግራም እንዲመዝን ተደርጎ የተቀመመ ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት ሊምፎሳይቶችና ሞኖሳይቶች የሚባሉት ከዚህ ይቀልላሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳትና ኒውትሮፊሎች የሚባሉት ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ይከብዳሉ። ዘዴው በሙሉ የቆመው በዚህች ትንሽ የክብደት ልዩነት ላይ ነው። ደሙ በእኩል መጠን በጨው ፈሳሽ ይቀጥናል፤ ቱቦው ዘንበል ይላል፤ የፒፔቱ (የፈሳሽ መምጠጫው) ጫፍ ግድግዳውን ተጠግቶ ደሙ በፊኮሉ ላይ ቀስ እያለ ይተኛል። እዚህ ላይ እጅ ቢቸኩልና ሁለቱ ፈሳሾች ቢደባለቁ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። ከዚያ በክፍል ሙቀት፣ በ400 ጂ ኃይል (ከመሬት ስበት 400 እጥፍ)፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። የሴንትሪፊውጁ ፍሬን መጥፋት አለበት፤ በፍሬን በድንገት ከቆመ የተለየው ተመልሶ ይናወጣል። ቱቦው ሲወጣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ፣ ከሥሩ ነጣ ያለች ቀጭን ቀለበት፣ ቀጥሎ ጥርት ያለው ፊኮል፣ ከታች ደግሞ ቀዩ ክምችት ይታያል። የምንፈልጋቸው ሕዋሳት ያሉት በዚያች ቀለበት ውስጥ ነው። ከአንድ ሚሊ ሊትር የጤነኛ ሰው ደም ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ያህል ይገኛል።

ታዲያ አዲሶቹ ዘዴዎች ይህን ተክተውታል? ብዙውን ጊዜ ሌዘር መለያ ማሽኑም ሆነ በማግኔት ውስጥ የሚተከለው ማጣሪያ ዓምድ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያችው ቀለበት ነው። የታማሚውን ቲ ሴሎች (ከሊምፎሳይቶች አንዱን ዓይነት) በዘረመል ምሕንድስና ቀይሮ ካንሰርን እንዲያጠቁ የሚያደርገው እጅግ ዘመናዊ ሕክምና እንኳ የሚጀምረው ደሙን በማሽከርከር ነጭ ሕዋሳቱን በክብደታቸው ለይቶ በሚሰበስብ መሣሪያ ነው። መርሁ ያው ነው።

ጸሐፊው ፊኮልን ለመተቸት ከፈለጉ ዕድሜውን ትተው እውነተኛ ድክመቱን ቢያነሡ ኖሮ አብሬያቸው በቆምኩ ነበር። ዘዴው ኒውትሮፊሎችን ከቀዩ ጋር ይጥላል። ደሙ ሳይሠራ ካደረ ደግሞ ኒውትሮፊሎቹ ክብደታቸው ይለወጥና ወደ ቀለበቱ ይገባሉ። ከሁሉም በላይ በአንዳንድ በሽታዎች ጊዜ ገና ከታማሚው ደም ውስጥ ሳሉ ቀለል ያሉ ኒውትሮፊሎች ይበዛሉ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈው በካላ አዛር በሽታ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2013 የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ከቀለበቱ በተወሰዱት ሕዋሳት ውስጥ አርጂኔዝ የተባለውን ኤንዛይም ይዘው የተገኙት እነዚሁ ቀለል ያሉ ኒውትሮፊሎች ነበሩ። ኤንዛይሙ የቲ ሴሎችን ሥራ ያዳክማል። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ የታማሚውንና የጤነኛውን ቀለበት ሲያነጻጽር የሚያነጻጽረው የተለያየ ድብልቅ ነው። ከፊኮል ጋር የሚሠራ ሰው ሊጠነቀቅለት የሚገባው ይህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ጸሐፊው ዘዴዎቹን በሰንጠረዥ ደርድረው ለእያንዳንዱ የንጽሕና መቶኛ ሰጥተዋል፤ ደረጃም ያወጡት በእሱ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ መለኪያ የለም። በናሙናው ውስጥ ከነበሩት ሕዋሳት ስንቱ ተገኙ? ከተገኙት ስንቱ በሕይወት አሉ? የቀረው 1 በመቶስ ምንድን ነው? እነዚህ ሦስቱ ሳይጠየቁ አንዱን ዘዴ ከሌላው ማስበለጥ አይቻልም።

ምሳሌዬን ከወባ እወስዳለሁ፤ ለእኛ አገር ከማንም የቀረበ ነውና። ከታማሚ ደም የፋልሲፓረም ወባን ዘረመል ማንበብ እንፈልጋለን እንበል፤ መድኃኒት የመቋቋም ለውጥ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ። የፋልሲፓረም ዘረመል ወደ 23 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። አንድ የሰው ነጭ የደም ሕዋስ ግን ወደ 6 ቢሊዮን ፊደላት ይይዛል። ቀይ የደም ሕዋሳት ዘረመል የሚይዘው ኒውክሊየስ ስለሌላቸው አያሳስቡንም፤ አንድ ነጭ ሕዋስ ግን ብቻውን ከ250 በላይ የወባ ተሕዋስያን የሚያህል ዲኤንኤ አለው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ ሕዋሳት አሉ ብለን እንያዝ፤ የወባ ስላይድ ሲቆጠር በተለምዶ የሚታሰበው ቁጥር ይህ ነው። በዚያችው ማይክሮ ሊትር 5,000 የወባ ተሕዋስያን ይኑሩ። እንግዲህ ሲባዛ የሰው ዲኤንኤ ከወባው ከ400 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ናሙናው እንዳለ ወደ ማንበቢያ ማሽን ቢገባ ገንዘቡ ሁሉ የሚያልቀው የታማሚውን የራሱን ዘረመል በማንበብ ነው።

አሁን ነጭ ሕዋሳቱን እናስወግድ። ለዚህ የሚያገለግል ርካሽ ዘዴ አለ፤ በሴሉሎስ ዱቄት በተሞላ ሲሪንጅ ውስጥ ደሙን ማሳለፍ ነው። ነጮቹ በዱቄቱ ይያዛሉ፣ ቀዮቹ ከነወባቸው ያልፋሉ። ዘዴው ከነጮቹ 99 በመቶውን አስወገደ እንበል። በጸሐፊው ሰንጠረዥ ይህ አንደኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ማይክሮ ሊትር 80 ነጭ ሕዋሳት ቀርተዋል፤ ስሌቱን ስንሠራው የወባው ዲኤንኤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከምናነበው አብዛኛው አሁንም የሰው ነው። ማስወገዱ 99.99 በመቶ ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ95 በመቶ በላይ የወባው ይሆናል። በመቶኛ ሲጻፍ የአንድ በመቶ ያህል እንኳ የማይሞላው ልዩነት ለሥራው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ስለቀረው ነው። ስለተጣለውስ? የወባ ተሕዋስ ሄሞግሎቢንን ሲበላ የሚተርፈውን ብረት ያዘለ ክፍል ሄሞዞይን ወደተባለ ጥቁር ቡናማ ክሪስታል ይለውጠዋል። ክሪስታሉ በማግኔት ይሳባል፤ ኦክስጅን የያዘ ጤናማ ቀይ ሕዋስ ግን አይሳብም። ስለዚህ ምንም ፀረ እንግዳ አካል ሳያስፈልግ፣ የታማሚውን ደም በማግኔት ውስጥ በተተከለ ዓምድ ብናሳልፍ ወባ የያዙት ሕዋሳት ይቀራሉ። ዘዴው ውብ ነው፤ ንጽሕናውም ከፍተኛ ነው። ሆኖም ክሪስታሉ ያለው በደረሱት ተሕዋስያን ውስጥ ነው፤ ገና የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ለጋዎቹ ሳይያዙ ያልፋሉ። በፋልሲፓረም ደግሞ የደረሱት በደቃቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ በሚቀዳው ደም ውስጥ በብዛት የሚገኙት እነዚያ ለጋዎቹ ናቸው። ስለዚህ ከፋልሲፓረም ታማሚ ደም በማግኔት የወጣው ናሙና ንጹሕ ይሆናል፤ የታማሚውን ወባ ግን አይወክልም። አብዛኛው በቆሻሻ ዕቃው ውስጥ ነው። በቫይቫክስ ወባ ጊዜ ግን በሁሉም ዕድሜ ያሉት በደም ውስጥ ስለሚዘዋወሩ ያው ዓምድ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። አንድ ዓምድ ነው፤ ሁለቱም የወባ ዓይነቶች አገራችን ውስጥ አሉ፤ ፍርዱ ግን የተለያየ ነው። ይህን የትኛው የንጽሕና ሰንጠረዥ ይነግረናል?

ሌላ አንድ ስሌት ብቻ ልጨምር፤ ይህ ከሕክምናው ዓለም ነው። በዘር ምልክት በግማሽ ብቻ ከሚመሳሰለው ወላጁ የመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚደረግለት 20 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አለ እንበል። ከለጋሹ ደም ሲዲ34 የተባለው የሕዋስ ገጽ ምልክት ያለባቸው 100 ሚሊዮን ግንድ ሕዋሳት (የደም ሕዋሳትን የሚያስገኙት) ተለይተው፣ ከእነሱም ጋር አንድ በመቶ ያህል ቲ ሴል ቀረ። አንድ ሚሊዮን ቲ ሴል ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 50,000። እነዚያ ቲ ሴሎች የሕፃኑን ገላ እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ። ሐኪሞቹ ይህን ቁጥር በአሥር ሺዎች ደረጃ፣ ቢቻል ከዚያም በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው መቶኛ አይጠይቅም፤ በኪሎ ስንት ቲ ሴል ቀረ ብሎ ነው የሚጠይቀው። በተቃራኒው ሊምፎሳይቶችን አሳድጎ ለማስተማሪያ ለሚጠቀም ክፍል 90 በመቶ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ማግኔቱ ልለፍ። በኖርዌይ ጆን ኡገልስታድ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ደቃቅ የፕላስቲክ እንክብሎችን በ1970ዎቹ ከሠራ በኋላ፣ እንክብሎቹ ብረትና ፀረ እንግዳ አካል ተጨምሮባቸው ሕዋስ ለመሳቢያ ውለዋል። በ1990 ደግሞ ጀርመናዊው ስቴፋን ሚልተንዪና ባልደረቦቹ ወደ 50 ናኖ ሜትር የሚጠጉ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶችን በዓምድ የመጠቀምን ዘዴ አወጡ። ጸሐፊው ስለ ሁለተኛዎቹ ሲናገሩ ቅንጣቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከሕዋሱ ላይ ማንሣት እንደማያስፈልግ መግለጻቸው ትክክል ነው። ከዚያ ተነሥተው ሕዋሱ ምንም አይሆንም ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ሕዋሱን የሚነካው ከብረቱ ይልቅ ፀረ እንግዳ አካሉ ነው። በቲ ሴል ላይ ያለው ሲዲ3 የሚባለው ምልክት የሕዋሱ ማንቂያ ክፍል ነው፤ እሱን ይዞ መጎተት ሕዋሱን መቀስቀስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የካንሰር ሕክምና ሲዘጋጅ ቲ ሴሎችን ለማንቃትና ለማባዛት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ በሲዲ3ና በሲዲ28 ፀረ እንግዳ አካላት የተለበጠ የማግኔት እንክብል ነው። ሞኖሳይቶች ደግሞ ባዕድ ነገር መዋጥ ሥራቸው ስለሆነ እንክብሉን ይውጡታል።

የሕዋሱን የተፈጥሮ ባሕርይ ማጥናት የሚፈልግ ሰው መፍትሔ አለው፤ የማይፈልጋቸውን ይዞ ማውጣትና የሚፈልገውን ሳይነኩ መተው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሕዋስ ንጽሕናው ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን ማንም አልነካውም። በጸሐፊው ሰንጠረዥ ይህ ዘዴ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው የተሰጠው። እኔ የሕዋሱን ምላሽ ለሚያጠና ተማሪ የምመክረው በመጀመሪያ ይህንን ነው።

ምልክት የሚባለው ነገር ራሱ የአንድ ሕዋስ ብቸኛ ንብረት እንደማይሆን ጽሑፉ አልነገረንም። ሲዲ4 የረዳት ቲ ሴሎች ምልክት ነው እንላለን፤ ሞኖሳይቶችም ግን አነስ ባለ መጠን ይይዙታል። ውድ ማሽን በሌለበት ላቦራቶሪ የኤችአይቪ ታማሚን ሲዲ4 በማግኔት እንክብልና በማይክሮስኮፕ ለመቁጠር የተዘጋጀው ዘዴ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በመጀመሪያ ሲዲ14 በሚይዙ እንክብሎች ሞኖሳይቶቹ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ሲዲ4 በሚይዙ እንክብሎች ቲ ሴሎቹ ይሳባሉ፤ ከዚያ የሕዋሶቹ ሽፋን እንዲፈርስ ተደርጎ ኒውክሊየሶቹ ቀለም ተቀብተው በመቁጠሪያ መስታወት ላይ ይቆጠራሉ። ሁለት ቱቦ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። የመጀመሪያዋ እርምጃ ብትዘለል ሞኖሳይቶቹ አብረው ይቆጠሩና የታማሚው ቁጥር ያለ ልኩ ከፍ ይላል።

አራተኛው የሌዘር መለያ ማሽኑ ነው። የዚህን ማሽን ታላቅነት አልክድም። በ1965 በሎስ አላሞስ ማክ ፉልዊለር ሕዋስ ያዘሉ ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ ሙሌት ለይቶ ማሳየቱ፣ ቀጥሎም በስታንፎርድ የሌናርድ ሄርዘንበርግ ቡድን ሕዋሳቱን በሚያበሩ ቀለማት መለየቱ ሥነ ሕይወትን ለውጦታል። ሕዋሳቱ በአንድ ረድፍ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ የፈሳሹ ጅረት በንዝረት ወደ ጠብታ ይሰባበራል፤ የተፈለገው ሕዋስ ያለበት ጠብታ ሙሌት ይሰጠውና በሁለት ሳህኖች መካከል ሲያልፍ ወደ ጎን ይሳባል። አምስትና ስድስት ምልክቶችን በአንድ ጊዜ አገናዝቦ መለየት ሲያስፈልግ ማግኔት ይህን ሊተካው አይችልም።

ግን ጊዜውን እናስላ። ማሽኑ በሰከንድ 10,000 ሕዋስ ቢያይ፣ 10 ሚሊዮን ሕዋስ ያለበትን ናሙና በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ለንቅለ ተከላ ከለጋሽ የሚሰበሰበው ነጭ ሕዋስ ግን 10 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ፍጥነት 11 ቀን ተኩል ይፈጃል። በሆስፒታል ለዚህ ሥራ ማግኔት የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይስባል። ሕዋሱም ራሱ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ይጎዳል። ለሊምፎሳይት በተለምዶ 70 ማይክሮ ሜትር በሆነ አፍ፣ በካሬ ኢንች 70 ፓውንድ ገደማ በሆነ ግፊት ነው የሚተኮሰው። ሊምፎሳይት ይህን ይችላል። ርዝመቱ ከ100 ማይክሮ ሜትር በላይ የሆነው የልብ ጡንቻ ሕዋስ ግን በዚህ አፍ በሰላም አያልፍም።

እጅ አያስፈልግም የሚለውማ ጨርሶ ልክ አይደለም። በስክሪኑ ላይ የትኛው የነጥብ ክምችት እንደሚወሰድና የትኛው እንደሚጣል ድንበሩን የሚያሰምረው ሰው ነው። የሞቱ ሕዋሳት ማንኛውንም ፀረ እንግዳ አካል ያለ ልዩነት ይይዛሉ፤ ሙታንን የሚለይ ቀለም ካልተጨመረ ማሽኑ በሙሉ ልቡ የሞተውን ሕዋስ እንደ ብርቅ ሕዋስ መርጦ ያወጣል። ሁለት ሕዋሳት ተጣብቀው ቢያልፉ የሁለቱንም ምልክት የያዘ አንድ አዲስ ሕዋስ የተገኘ ይመስላል።

ናሙናው ደም ሳይሆን ሥጋ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከማሽኑ በፊት ይጀምራል። ሕዋሳቱን ከእርስ በርሳቸው የሚያላቅቁት ኤንዛይሞች የምንፈልጋቸውን የላይ ምልክቶች ሊቆርጧቸው ይችላሉ። በ37 ዲግሪ ሲቆዩም ሕዋሳቱ ራሳቸው ይደነግጣሉ፤ በአይጥ ጡንቻ ግንድ ሕዋሳት ላይ የተሠራና በ2017 የወጣ ጥናት ማላቀቁ ብቻውን የድንጋጤ ጂኖችን እንደሚያስነሣ አሳይቷል። ማሽኑ ይህን ሊያርም አይችልም፤ የተሰጠውን ነው የሚለየው።

ስለ ካንሰሩ ብዙ አልልም፤ ግን የታማሚ ተስፋ ያለበት ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ መነገር አለበት። ጸሐፊው የጠቀሱት ሴልሰርች የተባለው ዘዴ በ2004 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸውን የጡት ካንሰር ሕሙማን ለመከታተል ነው። በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ የካንሰር ሕዋስ ከተገኘ የታማሚዋ ሁኔታ የከፋ መሆኑን ያመለክታል። ካንሰር አለ ወይስ የለም ለማለት አልተፈቀደም። ሕዋሶቹን የሚይዘው ኤፕካም በተባለ ምልክት ነው፤ ይህን ምልክት የጣሉ የካንሰር ሕዋሳት ያመልጡታል። ከዚህም በላይ ሕክምና ጀምረው ቁጥሩ ያልወረደላቸው ሕሙማን ኬሞቴራፒያቸው ወዲያው እንዲቀየር የተደረገበት ሰፊ ሙከራ ውጤት በ2014 ወጥቶ፣ መቀየሩ ዕድሜያቸውን እንዳላራዘመ ታይቷል። ደሙ ንጹሕ ነው ተብሎ የተነገራት ሴት ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ችላ ብትል ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው?

የመጨረሻው ሐሳብ፣ ማለትም ደሙን አቀዝቅዞ ወደ ውጭ መላክ፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው፤ ጥናቱን ገና ሳይጀመር ይገድለዋልና። ሙሉ ደም እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ በረዶው የሕዋሳቱን ሽፋን ያፈርሳል። ሲቀልጥ የሚገኘው ቀይ ውኃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በሕይወት ያለ ሕዋስ የሚለይ ማሽን የትም አገር የለም። የሰውን ዲኤንኤ ብቻ ለሚፈልግ ጥናት ይህ አይጎዳም፤ ያን እቀበላለሁ። ሕያው ሕዋስ የሚፈልግ ግን መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ አለበት። ቀለበቷ ተወስዳ፣ ታጥባ፣ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተደርጋ፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘች ወርዳ በመጨረሻ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ትገባለች። እንዲህ ሲሆን ሊምፎሳይቶቹ ለዓመታት ይቆያሉ። ኒውትሮፊሎች ግን በዚህም አይተርፉም፤ እነሱን የሚያጠና ሰው በዚያው ቀን እዚያው መሥራት አለበት።

ይህን እዚህ ማድረግ አይቻልም የሚል ካለ ታሪካችንን ይመልከት። በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ አንሥቶ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሊምፎሳይቶች ለባክቴሪያው የሚሰጡትን ምላሽ ሲያጠና ነበር። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም በክልል ሆስፒታሎች ያሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሲዲ4 መቁጠሪያ ማሽኖችን ዓመታት ሙሉ አሠርተዋል። እጁም ልምዱም አለ።

የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ መገዛት ያለበትም እሱ ነው። ፍሬኑ የሚጠፋና ቱቦ መያዣ ባልዲው የሚወዛወዝ ሴንትሪፊውጅ፣ የመቁጠሪያ መስታወትና ሙታንን የሚለይ ትራይፓን ብሉ፣ አንድ ሁለት ጠንካራ ማግኔት፣ የማያቋርጥ የናይትሮጅን አቅርቦት። ሌዘር መለያ ማሽን መብራት በሚቆራረጥበት፣ የጥገና ባለሙያ ከውጭ በሚጠበቅበት ሁኔታ ከእነዚህ በፊት ከተገዛ የሚለየው ሕዋስ አያገኝም። ብዙ የጥናት ፕሮቶኮሎች ደሙ ከተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲለይ ያዝዛሉ። ጅማ ላይ ጠዋት የተቀዳ ደም በመኪና አዲስ አበባ ደርሶ ይህን ጊዜ ለመጠበቅ ሊታገል ይችላል፤ ባሕር ማዶ ግን ጨርሶ አይደርስም። ቀደም ሲል ያነሣሁት የወባ ናሙናም ቢሆን የሴሉሎስ ዓምዱን ማለፍ ያለበት ከመቀዝቀዙ በፊት፣ በተቀዳበት ጤና ጣቢያ ወይም በአቅራቢያው ነው። ነጭ ሕዋሳቱ አንዴ በበረዶ ከፈነዱ ዲኤንኤያቸው ከወባው ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ሕዋስን የሚያስቀር ዓምድ የሚይዘው ነገር አይኖርም።